«ጋሼ፣ ባትሪው የት ነው?»፦ ባለ 9 ቮልት የሌጎ ባቡሬ ከ14 ወር በኋላ

ከሁለት ሳምንት በፊት በተካፈልኩበት ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ልጅ አገጩን የጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ አሳርፎ ቆመ። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ባቡሩ ከሌጎ ጡብ ከሠራሁት ግንብ ሥር ሲገባ በዓይኑ ይሸኘዋል፣ በወዲያኛው በር ሲወጣ ይቀበለዋል። ብዙ ዙር እንዲህ ከቆየ በኋላ ቀና አለና «ጋሼ፣ ባትሪው የት ነው?» አለኝ።

«ባትሪ የለውም» አልኩት።

አላመነኝም። ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ መረመረ። የመጀመሪያው ክፍት ነው፣ በርሜል ነው የጫነው። ሁለተኛው መስኮት አለው፣ ሰዎች ተቀምጠውበታል። ባትሪ የሚደበቅበት ቦታ አላገኘም።

«ታዲያ በምን ይሄዳል?»

«ሐዲዱን ንካው።»

ጣቱን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «አይነዝርም?»

«9 ቮልት ብቻ ነው፣ አይነዝርም።»

ነካው። ብረት ነው። ትንሽ አሰበና ሮጦ ሄደ። ሲመለስ እህቱን እየጎተተ ነበር። «ንኪው፣ አይነዝርም» አላት።

ስለዚህ ባቡር ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ብዕር ያስነሳኝ ግን ያ ልጅ ነው። ምክንያቱም 14 ወር ሙሉ ስከራከርበት የቆየሁት ነገር እሱ የጠየቀው ጥያቄ ውስጥ አለ።

ያገለገለ ዕቃ ነው የገዛሁት። አንድ ትልቅ ካርቶን ሙሉ ሐዲድ፣ አራት ሞተር፣ ሁለት የፍጥነት መቆጣጠሪያ። የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦችን የሚሠራው ሌጎ ይህን ዓይነት ባቡር ያወጣው በ1991 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር ዝቅ ይላል፣ በመቆጣጠሪያው ያልፋል፣ ከዚያ በቀጭን ገመድ ሐዲዱ ላይ ይደርሳል። ሐዲዱ ፕላስቲክ ቢሆንም አናቱ ስስ ብረት ለብሷል። የሞተሩም ጎማ ብረት ለብሷል። አንደኛው መስመር ያመጣል፣ ሌላኛው ይመልሳል። ማዞሪያውን ወደ አንድ በኩል ካዞሩት ወደፊት፣ ወደ ሌላው ካዞሩት ወደ ኋላ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በ2006 በሪሞት የሚታዘዝ የባትሪ ባቡር መጣ። ብዙም ሳይቆይ የብረት ሐዲዱ ምርት ቆመ። ከ2018 ወዲህ ያለው ደግሞ በብሉቱዝ የሚታዘዝ ሆኗል፣ ስድስት ትናንሽ ባትሪ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

እንግዲህ ስገዛው ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። «የሞተ ቴክኖሎጂ ነው።» «መለዋወጫ ከየት ታመጣለህ?» «በዚህ ገንዘብ አዲስ አትገዛም?» ከሰሞኑም ቢሆን አንድ ሻጭ ፊቴ የቆመ ይመስለኛል። «ወንድሜ፣ ይኼኛው እኮ በስልክ ይታዘዛል» ይለኛል።

እኔ ባቡሬ በስልክ እንዲታዘዝ አልፈልግም። ኤግዚቢሽን ላይ እጄ ነጻ መሆን አለበት። ሰው ይጠይቀኛል፣ ልጅ ግንቡን ሊነካ እጁን ይዘረጋል፣ አንዲት ትንሽ ጡብ ከጠረጴዛ ሥር ትወድቅና እፈልጋለሁ። ማዞሪያዬን ጠዋት አንድ ቦታ ላይ አደርገዋለሁ፣ እዚያው ይውላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባትሪ ይደክማል። በአንድ ጊዜ ቢሞት ጥሩ ነበር፣ ቀይረውት ይቀጥላሉ። ባትሪ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው። ጠዋት ያስተካከሉት ፍጥነት ከሰዓት በኋላ ሌላ ይሆናል። የኔ ሐዲድ ስምንት ሰዓት ሙሉ ያው ሐዲድ ነበር። ሞተር እንዳይግል ብዬ በየሰዓቱ አንዱን ባቡር አሳርፌ ሌላውን አወጣለሁ እንጂ መስመሩ አንድም ጊዜ አልደከመም።

«የሞተ ቴክኖሎጂ» ለሚለውም መልስ አለኝ። የ1958ቱ የሌጎ ጡብ ከዛሬው ጡብ ጋር ይገጥማል። ሐዲዱም እንደዚያው ነው። የ1991ዱ የብረት ሐዲድ ዛሬ አዲስ ከሚሸጠው የፕላስቲክ ሐዲድ ጋር ቀጥ ብሎ ይገጣጠማል። ከአዲሱ ጋር እጅ ለእጅ የሚያያዝ ነገር እንዴት ሞተ ይባላል?

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ይኸው መገጣጠሙ ነው በመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ጉድ የሠራኝ።

መስመሬ 56 ቁራጭ ሐዲድ ነው፤ 40 ቀጥ ያለ፣ 16 ደግሞ ኩርባ። ቀጥ ያለው አንዱ 12.8 ሳንቲሜትር ስለሆነ ዙሩ ሲደመር ወደ 7 ሜትር ይመጣል። ከካርቶኑ ውስጥ አንዱ ቀጥ ያለ ሐዲድ ብረቱ ተላቆ ስለነበር በምትኩ አዲስ ፕላስቲክ አስገባሁ። ያስገባሁት ደግሞ ድልድዩ ላይ፣ ልክ ከግንቡ በር ፊት ለፊት ነው። ቤት ስሞክረው ምንም አልሆነም። በፍጥነት ነበር የምነዳው፣ ስለዚህ ባቡሩ በግፊቱ እያለፈው ኖሯል።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ሰው በደንብ እንዲያየው ፍጥነቱን ቀነስኩ። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ወጣና ቆመ። በጣቴ ገፋሁት፣ ሄደ። ዞሮ መጣና እዚያው ቆመ። ለካ ፕላስቲኩ ላይ ሲደርስ ሞተሩ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ የለም። ግማሽ ቀን ሙሉ ባቡር ስገፋ ዋልኩ። በዚያን ቀን ማታ ካርቶኑን ስሸከም «ምነው ባትሪውን በገዛሁ» ብያለሁ፣ አልደብቅም።

መፍትሔው ሁለተኛ ሞተር ሆነ። ፊተኛው ሞተር ፕላስቲኩ ላይ ሲሆን ኋለኛው ገና ብረቱ ላይ ነው፣ ይገፋዋል። ኋለኛው ሲደርስ ደግሞ ፊተኛው ተሻግሯል፣ ይስበዋል። መጀመሪያ ጭራው ላይ አድርጌው ኩርባው ላይ ፉርጎዎቹን ገፍቶ ጣላቸው። ከሦስተኛው ፉርጎ ሥር ሳስገባው ተስተካከለ።

የተገረምኩት ግን በሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ሞተር ስገጥም ፊቱ ወዴት መዞር እንዳለበት ተጨንቄ ነበር። አንዱ ወደፊት ሌላው ወደ ኋላ ቢሄድስ? ለካ ምንም ለውጥ የለውም። ሞተሩን ሲያዞሩት ግራና ቀኙም አብሮ ይዞራል፣ ኤሌክትሪኩን የሚቀበልበት ጎንም ይቀየራል። ስለዚህ እንዴትም ቢገጥሙት ሐዲዱ ወዳዘዘው አቅጣጫ ነው የሚሄደው። በመካከላቸው አንድም ሽቦ የለም። ሁለቱም አንድ ሐዲድ ነው የሚሰሙት። እንደገና እንደገና እያዞርኩ ሞከርኩት። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ባገኝ እጁን እጨብጠዋለሁ።

ሌላው ትምህርት የመጣው ከመብራት ነው። የሞተሩ አናት ላይ ያሉት ጉብታዎች ኤሌክትሪክ ስለሚሰጡ የባቡሩን የፊት መብራት ከዚያ ነው የማበራው። አንድ ቀን ማታ የክፍሉን መብራት አጥፍቼ ስነዳ ባቡሩ ከግንቡ ሥር ሲገባ መብራቱ ሲደበዝዝ አየሁ። ወደ ፊት ለፊት ሲመለስ ይደምቃል። ልብ ብዬ ሳይ ፍጥነቱም አብሮ ይቀንሳል። ገመዱ የሚገባው እኔ ፊት ባለው ሐዲድ ነው፣ ግንቡ ደግሞ ወዲያ ማዶ ነው። ኤሌክትሪኩ እዚያ እስኪደርስ ወደ 28 መጋጠሚያ ማለፍ አለበት። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ትንሽ ያስቀራል።

ከዚያው መቆጣጠሪያ ሁለተኛ ገመድ በጠረጴዛው ሥር አሳልፌ ከግንቡ ኋላ ሰካሁ። መጀመሪያ ግራና ቀኙን አሳስቼ ስለነበር ሾርት አደረገ፤ ባቡሩ ንቅንቅ አላለም። ወዲያው ነቅዬ አዞርኩት። አሁን ባቡሩ ከግንቡ ሥርም ሜዳ ላይም እኩል ነው የሚሄደው። ትልቅ ዙር የምትሠሩ ሰዎች ይህን ከመጀመሪያው አስቡበት።

ስለ ግንቡም ትንሽ ልበል። በራሴ ንድፍ የሠራሁት ነው። ከፍተኛው ማማ 60 ጡብ ነው፣ አንዱ ጡብ 9.6 ሚሊሜትር ስለሆነ 57.6 ሳንቲሜትር ይደርሳል። «ፈረሰኛ በነበረበት ዘመን ባቡር ነበር እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። በዌልስ ኮንዊ የሚባል ግንብ አለ፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ከ1283 እስከ 1289 ያሠራው። በ1840ዎቹ መጨረሻ ሮበርት ስቲቨንሰን ከግንቡ ግርጌ የባቡር ድልድይ ሲሠራ የድልድዩን መግቢያ የግንብ ማማ አስመስሎ ነው ያቆመው። ባቡር እስከ ዛሬ በዚያ ያልፋል። የኔም ግንብ ከባቡሩ በፊት የቆመ ነው፣ ባቡሩ በኋላ ነው የመጣው። ለዚህ ነው ድንጋዩ መሃል ጥቁር ግራጫ ጡብ እያስገባሁ ያስረጀሁት።

የሚያስቆጨኝ ነገር ኩርባው ነው። ይህ የብረት ሐዲድ ሲመረት አንድ ዓይነት ኩርባ ብቻ ነው የነበረው። 16ቱ ሲገጣጠሙ ክብ ይሠራሉ፣ ከመሃል እስከ ሐዲዱ 32 ሳንቲሜትር። ለረጅም ፉርጎ በጣም ጠባብ ነው። ባቡሩ 6 ጉብታ ስፋት አለው፣ ማለትም 4.8 ሳንቲሜትር። እኔም በሩን 8 ጉብታ አድርጌ ይበቃል ብዬ ነበር። ነገር ግን በሩ ከኩርባው አጠገብ ስለነበር ረጅሙ ፉርጎ ሲታጠፍ ማዕዘኑ ወደ ውጭ ይወጣል። ሦስት አራት ዙር ከሄደ በኋላ አንስቼ ሳየው ከመስኮቱ በላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ጭረት አገኘሁ። አዘንኩ። በሩን ወደ 10 ጉብታ አሰፋሁት፣ ከኩርባውም በአንድ ሐዲድ አራቅሁት። የግንቡንም የኋላ ግድግዳ በአንድ እጅ የሚነሳ አደረግኩት፤ ባቡር ውስጥ ቢቆም ግንብ ማፍረስ የለብኝም።

ጽዳቱ ከባድ አይደለም። ጎማው ሐዲዱ ላይ ጥቁር እድፍ ይተዋል፣ ያ ሲበዛ ባቡሩ ይንተባተባል። በአልኮል የራሰ ጨርቅ ነው የማጸዳው። ብርጭቆ ወረቀት የሚጠቀሙ አሉ፣ እባካችሁ አታድርጉት፤ ብረቱን ይጭረዋል፣ የተጫረ ብረት ደግሞ ቶሎ ይቆሽሻል። ስለ ሞተሮቹና ስለ መቆጣጠሪያው የምለው የለኝም፣ ይሠራሉ።

ለሁሉም ሰው ግዙ አልልም። ባቡሩን ልጆች ወለል ላይ በፈለጉት ቅርጽ ሐዲድ እየዘረጉ የሚጫወቱበት ከሆነ ባትሪ ይሻላቸዋል። ሐዲዱ ዞሮ ራሱ ላይ የሚመለስበት ቅርጽ በብረት ሐዲድ ሾርት ያደርጋል፣ በባትሪ ግን ምንም አይሆንም። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ባቡር ለየብቻ ማዘዝ የሚፈልግም ባትሪ ይግዛ። ጠረጴዛ ላይ ግንብ ሠርቶ፣ መስመር ዘርግቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት የሚቆም ሰው ግን ያገለገለውን ይፈልግ። እኔ ዛሬ ብጠየቅ ያንኑ ካርቶን መልሼ እገዛለሁ፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ለድልድዩ የሚሆን የብረት ሐዲድ አገኘልኝ። አመስግኜ ተቀበልኩትና ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ፕላስቲኩን አላነሳሁትም። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲወጣ የፊት መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ብረቱን ሲረግጥ ደግሞ ልክ በሩ ውስጥ ሲገባ ቦግ ይልና የግንቡን ግድግዳ ከውስጥ ያበራዋል። ያ ልጅ እህቱን ሐዲዱን ካስነካት በኋላ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ጎንበስ አድርጎ ያሳያት ይህንን ነበር። «አሁን እዪው» ይላታል ባቡሩ ድልድዩ ጋ በደረሰ ቁጥር። «አሁን እዪው፣ አሁን።»