ለሰርቨር መጫኛ ዲቪዲ ወይስ ፍላሽ? ለባሕር ዳር ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ባሕር ዳር ውስጥ የመሥሪያ ቤት ወይም የሆቴል ሰርቨር እንዲጭን የታዘዘ ባለሙያ ኮምፒውተር ቤት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ከዋጋው በፊት ግን ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይኖርበታል፤ ሰርቨሩ ስንት ዓመት ያገለገለ እንደሆነና የሚጫነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስንት ጊጋባይት እንደሚመዝን።

ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ ደግሞ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። ሆኖም 4.7 የተባለው በአምራቾች አቆጣጠር ስለሆነ ዊንዶውስ ላይ 4.37 ሆኖ ይታያል፤ «ፋይሉ 4.5 ጊጋ ነው፣ ይገባል» ብሎ ባዶ ዲቪዲ የገዛ ሰው የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። ኡቡንቱ፣ ሮኪና ደቢያን የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው። የኡቡንቱ ሰርቨር መጫኛ በአንድ ተራ ዲቪዲ ያለ ችግር ይገባል። የዊንዶውስ ሰርቨር 2022 መጫኛ ግን ባለ አንድ ንብርብሩን ያልፋል፤ የሮኪ ሊኑክስ 9 የቅርብ እትሞች ሙሉ መጫኛ ደግሞ ስሙ «ዲቪዲ» ሆኖ ሳለ ባለ ሁለት ንብርብሩ እንኳ አይችለውም። ኔትኢንስት የሚባለው የደቢያን ትንሽ መጫኛ ከ1 ጊጋባይት በታች ቢሆንም ቀሪውን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ፣ መስመሩ በሚቆራረጥበት ቦታ አልመክረውም።

ዲቪዲ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ዲቪዲ-አር አንዴ ተጽፎ ከተዘጋ በኋላ ቫይረስ ሊገባበት አይችልም። ፍላሽ ግን ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት ሲዞር የዋለ ዕቃ ነው። ስለዚህ ፍላሽ መሰካት በሚከለክል መሥሪያ ቤት ዲቪዲ አሁንም ቦታ አለው። በሌላ በኩል ዲቪዲ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ያ ዲቪዲ አበቃለት፤ ጀርባውን ገልብጦ ላየው ሰው፣ ከመሐል ተነሥቶ እየሰፋ የመጣው የጠቆረ ቀለበት ድንገት የተቋረጠበት ድንበር በግልጽ ይታያል። ከጣና ውኃ የሚጠለፍለት፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የበለስ ኃይል ማመንጫ ጎረቤታችን ቢሆንም፣ እኔ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ዲቪዲ መጻፍ ከተውሁ ቆይቻለሁ። ፍላሽ ሲጻፍ መብራት ቢሄድ ግን እንደገና መጻፍ ነው፤ የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው። በፍጥነትም ቢሆን 8 እጥፍ የሚባለው ዲቪዲ ማንበቢያ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ደኅና የዩኤስቢ 2.0 ፍላሽ እንኳ ይበልጠዋል።

የፍላሽ ትልቁ አደጋ የሐሰት መጠን ነው። ባለፈው ክረምት 64 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠልኝ ፍላሽ መጫኛውን ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀብሎ፣ ሰርቨሩ ላይ መጫኑ ሲጋመስ «ፋይሉ አይነበብም» አለኝ፤ ስፈትሸው እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋባይት ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ፍላሽ ከአቅሙ በላይ የተጻፈበትን እየጣለ «ጽፌያለሁ» ስለሚል፣ ሲቀዳ አይታወቅም። ስለዚህ ገዢው ሻጩ ፊት ሊፈትነው ባይችል እንኳ፣ የመመለስ መብቱን አስቀድሞ ተነጋግሮ ቤቱ ሲደርስ ሩፈስ በተባለው የመጫኛ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ባለው የመጥፎ ብሎኮች ፍተሻ ወይም በሊኑክስ ኤፍ3 በሚባለው መሣሪያ ሊመረምረው ይገባል። ፍተሻው ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው።

ለዊንዶውስ ሰርቨር ፍላሽ የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ፋት32 የተባለው የፍላሽ አደረጃጀት (ፎርማት) ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ የመጫኛው ዋና ፋይል ደግሞ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ሩፈስ ፍላሹን ይህ ገደብ በሌለበት በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አዘጋጅቶ ስለሚያልፈው፣ ፋይሎቹን በእጅ ቀድቶ መድከም አያስፈልግም። ቬንቶይ የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ብዙ መጫኛዎችን በአንድ ፍላሽ ስለሚያስቀምጥ ለጥገና ባለሙያ እጅግ ይመቻል፤ ነገር ግን ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሣ የሚከለክል መከላከያ) በበራበት ማሽን መጀመሪያ የቬንቶይን ቁልፍ ማስመዝገብ ይጠይቃል።

ሰርቨሩ አይድራክ (የዴል) ወይም አይሎ (የኤችፒ) የሚባለው ከሩቅ መቆጣጠሪያ ካለውና ፈቃዱ ከተገዛ፣ የመጫኛውን ፋይል ከላፕቶፕ በኔትወርክ አያይዞ መጫን ስለሚቻል ምንም መግዛት አያስፈልግም።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። አዲስ ሰርቨር ያለው ሰው የታወቀ አምራች የሠራቸውን ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት የዩኤስቢ 3.0 ፍላሾች ይግዛ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲከዳ ነው። ውጫዊ ዲቪዲ ማንበቢያ መግዛት ያለበት ሰርቨሩ አርጅቶ ከፍላሽ አልነሣ ያለው ወይም ፍላሽ የተከለከለበት ብቻ ነው፤ እሱም ባዶ ዲቪዲዎችን ሦስት አራት አድርጎ ይያዝ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትም ይጻፍ። ሁለቱም ግን ከመጻፋቸው በፊት የወረደውን ፋይል ኤስኤችኤ256 ድምር (ፋይሉ እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ቁጥር) አምራቹ ካወጣው ጋር ያመሳክሩ፤ ዘጌ ድረስ በጀልባ ተሻግሮ የተበላሸ መጫኛ መሰካት የአንድ ቀን ሥራ ያስቀራል።