በእንጨት እንዲሠራ የተቀየረው አሮጌ ኦቨናችን፣ ከወራት በኋላ

መጀመሪያ ጥፋቱን ልንገራችሁ። ወደ እንጨት ያስቀየርነው ኦቨን መጀመሪያ አካባቢ ዳቦ አልጋገረም፤ ዳቦ አቃጠለ። ድፎውን ስቆርጠው ሥሩ ከሰል ነው። መሐሉ ቢላው ላይ የሚጣበቅ ሊጥ። አናቱ ላይ ያለው ኮባማ በደንብ እንኳ አልጠወለገም። በዚህ የዱቄት ዋጋ!

ኦቨኑ የኤሌክትሪክ ነበር። ማሞቂያው ተቃጥሎ ጓሮ ከርሟል። አካሉ ግን ደህና ነው፤ ላሜራው አልዛገም፣ በሩም ግጥም ብሎ ይዘጋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብወስደው የብረት ዋጋ እንጂ ሌላ አያወጣም። አንድ በያጅ "ከሥሩ የእሳት ሣጥን፣ ከኋላው ጭስ ማውጫ፣ አለቀ" አለኝ። አላለቀም።

የኤሌክትሪክ ኦቨን ማሞቂያ ከታችም ከላይም አለው። እንጨት ከሥር ብቻ ሲነድ የታችኛው ላሜራ ይግላል። ጭሱ ደግሞ ሙቀቱን ይዞ በኋላ በኩል ውልቅ ይላል። ለዳቦው አናት ምን ቀረለት? ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። አንዴ አየችውና "ልጄ፣ የላዩ እሳትስ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ድፎ ድሮም ሲጋገር ከምጣዱ ሥር እሳት ይነዳል፣ ክዳኑ ላይም ፍም ይደረጋል። መከራ የበዛበትን ሰው ከላይም ከታችም እሳት እንደነደደበት ድፎ የምንለው ለዚህ አይደል? እናቶቻችን የሚያውቁትን በያጁ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ሊጥ ባልተደፋ።

መፍትሔው እዚያው ኦቨኑ ውስጥ ነበር። አካሉ ሁለት ሣጥን ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ተቀምጧል። መሐላቸው የመስታወት ሱፍ ተጠቅጥቋል። ሱፉን በጓንትና በአፍ መሸፈኛ አወጣነው፤ ቆዳ ክፉኛ ያሳክካል። (በጣም የቆየ ኦቨን ከሆነ መሐሉ ያለው አስቤስቶስ የሚባለው፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እሱን አትንኩት።) ክፍተቱን የጭስ መንገድ አደረግነው። አሁን ጭሱ ከሥር ተነሥቶ በሁለቱም ጎን ሽቅብ ይወጣል፣ የውስጠኛውን ሣጥን አናት ያግላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቱቦውን የሚያገኘው። ቱቦውንም ከኋላ ነቅለን አናቱ ላይ ተከልነው። ወለሉ ላይ የሸክላ ጡብ ደረደርን። ጡቡ የሥሩን ግለት ይሰብራል፣ እሳቱ ከከሰመ በኋላም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ሱፉ ሲወጣ ጎኑ እጅ የሚያቃጥል ስለሆነ ዙሪያውን ሽቦ ጠቅልለን ጭቃ በጭድ ለሰንነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዳቦ ሌላ ነው። ኮባው ደርቆ ይገለጣል፣ አናቱ ወርቅማ፣ ሥሩም አናቱም እኩል የበሰለ። ቅርፊቱን ስትጫኑት ይሰበራል፣ ውስጡ ደግሞ ተመልሶ ይነሣል። እንዲህ ያለ ድፎ ከኤሌክትሪክ አውጥቼ አላውቅም።

የዕቃ ሻጮች ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። "ወንድሜ፣ ለምን ትደክማለህ? አዲሱን ውሰድ፣ ዋስትና አለው፣ ሰዓት መቁጠሪያ አለው።" እሺ፣ የበዓል ዋዜማ ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት ሲሄድ ዋስትናው ምን ይሠራልኛል? እኔ ፍልጥ እጨምራለሁ። ጭስ አለው ካላችሁኝም፣ ደረቅ ባሕር ዛፍ ከሆነና ቱቦው ከጣሪያው ጫፍ በላይ ካለፈ፣ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ጭሱ ብዙም አይታይም። እርጥብ እንጨት ከከተታችሁበት ግን ዓይናችሁን አያድርገኝ። ኦቨኑን ቤት ውስጥ ማንደድም አይታሰብም፤ የእኛው የጓሮ ማዕድ ቤት ክፍት ነው።

የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር ቀርቷል፤ ጥላሸቱ። በዚያ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይጋገርና የጭሱን መንገድ ያንቃል፤ ያኔ የላዩ ሙቀት ይደክማል። ስለዚህ የምታስቀይሩ ካላችሁ ገና ከመጀመሪያው በሁለቱም ጎን ብሩሽ የሚያስገባ፣ ክዳን ያለው ቀዳዳ አስበይዱ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ ርካሽ ነው ብላችሁም አትቀበሉ፤ ዚንኩ በኃይል ሲግል የሚያወጣው ጭስ ያሳምማል። ጥቁሩን ብረት ጠይቁ።

የኔን ኦቨን ሽጥልን የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። አልሸጠውም። ዳቦ ግን ሊጡን ይዘው ይምጡ፣ እጋግርላቸዋለሁ።