የሩገር ሲሊንደር፦ አብሮ የመጣው ወይስ ከሌላ ሽጉጥ የተፈታው?

ሩገር ሲንግል ሲክስ ኮንቨርቲብል የተባለው ሽጉጥ ከፋብሪካ ሁለት ሲሊንደር (ጥይት የሚሞላበት ተሽከርካሪ ክፍል) ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ለ.22 ሎንግ ራይፍል ጥይት፣ ሌላው ለ.22 ማግነም ጥይት። ሁለቱም ለዚያው ሽጉጥ ተለክተው የተገጠሙ ናቸው። ሲሊንደሩ የሚዞርበትን ዘንግ ስቦ መቀያየር ነው፣ አለቀ።

ከሌላ ሲንግል ሲክስ የተፈታውን ርካሽ ሲሊንደር ግን እኔ አልገዛም። ሊገባ፣ ሊሽከረከርም ይችላል፤ ጣጣው የሚመጣው ሲተኮስ ነው። ከበርሜሉ ጋር ያለው ክፍተት ከሰፋ ጋዝ ወደ ጎን ይተፋል፣ ከጠበበ ደግሞ ትንሽ ጥላሸት ሲይዝ መዞር ያቅተዋል፣ ቀዳዳው ከበርሜሉ ጋር ፊት ለፊት ካልገጠመማ ጥይቱ ጠርዙ እየተላጨ ይገባና የእርሳስ ፍንጣሪ አጠገብ የቆመውን ሰው ያገኘዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሽጉጡ የውስጥ አሠራር ራሱ ተቀይሯል፤ አሮጌና አዲስ ማደባለቅ ሌላ ራስ ምታት ነው። የግድ ካላችሁ ሽጉጡንም ሲሊንደሩንም ለባለሙያ ሰጥታችሁ አስለኩ። የእሱ ሒሳብ ሲደመር ርካሽነቱ ይቀራል።