ደሴ ያለው የመጽሐፍ ኪራይ ቤትና ሽፋን የሌለው የስፔን መጽሐፍ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ በሁለት የልብስ ሱቆች መካከል በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡና የሚያከራዩ አንድ አባት አሉ። ሱቃቸው ሰሌዳ የለውም። ደንበኞቻቸው ሁሉ «አያ» ብለን ነው የምንጠራቸው። ከእርሳቸው ዘንድ መጽሐፍ ስከራይ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ስለ ሱቁ ግን ጽፌ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ባለፈው ወር የወሰድኩት አንድ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ስላልወጣ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። በወር ስምንት ዘጠኝ ሌሊት ተረኛ እሆናለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ፣ ሕሙማኑ ጋብ ሲሉና የጦሳ ተራራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ሾልኮ ሲገባ፣ ነቅቼ እንድቆይ የሚያደርገኝ መጽሐፍ ነው። አያ ይህን ስለሚያውቁ «ስንት ሌሊት አለሽ?» ብለው ጠይቀው በዚያው ልክ ይመርጡልኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመጽሐፉን ዋጋ በመያዣነት ታስቀምጣላችሁ፣ ለሳምንት 50 ብር ትከፍላላችሁ፣ ስማችሁ በደብተር ይሰፍራል። ስትመልሱ መያዣው አንድ ብር ሳይጎድል ይመለሳል። ሌላ ቦታ «ገጹ ታጥፏል» ተብዬ ግማሽ መያዣዬን ተቀንሼ አውቃለሁ፤ አያ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ቀን ብታሳልፉም የሚጠይቋችሁ መጽሐፉን ጨርሳችሁ እንደሆነ ነው።

የስፔኑን መጽሐፍ ሲሰጡኝ ደስ አላለኝም። ስለ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነትና ከውጭ ስለ ዘመቱት ወዶ ዘማቾች በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሽፋኑ የወለቀ፣ የርዕሱ ገጽ የጠፋ፣ ጥራዙ በነጭ ክር የተሰፋ ወፍራም መጽሐፍ ነው። «አያ፣ እኔ በስፔን ጉዳይ ምን አገባኝ?» አልኳቸው። «ውሰጂው ልጄ» አሉኝ፤ «ስለ ስፔን ብቻ ነው ቢሉሽ እንዳታምኚ፣ ስለ ደሴም ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ያወቅሁት ግን በእርሳሳቸው ነው።

አያ የታሪክ መጽሐፍ ከማከራየታቸው በፊት አንድ ሥራ ይሠሩበታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ቀን ሁሉ አጠገብ፣ በኅዳጉ ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት የእኛን ቀን ያሰፍራሉ። ይህን በሌላ በየትኛውም መጽሐፍ ቤት አላየሁም። ለዚህ ብቻ ሌላ 50 ብር ጨምሪ ብባል እጨምራለሁ።

የስፔን ጄኔራሎች በሪፐብሊኩ ላይ ካመፁበት ቀን ጎን «ሐምሌ 10 ቀን 1928» ይላል። እዚያ ላይ ቆምኩ። 1928ን የወሎ ሰው እንዴት ይረሳዋል? ኅዳር 26፣ ዓርብ ቀን፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ከተማ ነበሩ፣ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል እንኳ ከቦምብ አልተረፈም። መጋቢት 22 ማይጨው። ሚያዝያ 7 ጠላት ደሴ ገባ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲመጣ ስፔን ነደደች። ትምህርት ቤት የእኛን ጦርነት በ1928፣ የእነርሱን በ1936 ብለን ስለ ተማርን ሁለቱ አንድ ዓመት መሆናቸውን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አያቴ በዚያ ዓርብ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አርጅታም የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን በራሷ ላይ ትስብ ነበር። መጽሐፉን ይዤ የማስበው እርሷን ነበር።

የካቲት 1929 ላይ ኅዳጉ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ማድሪድ አጠገብ፣ ሐራማ ወንዝ ዳር፣ ወዶ ዘማቾቹ የዓመፀኞቹን መሪ የጄኔራል ፍራንኮን ጦር ለማገድ በሚረግፉበት ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ሆነ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሙሶሊኒ ወደ ስፔን የላከው ጦር ጓዳላሃራ ላይ መዋጋት ጀምሮ ተሸነፈ። ካሸነፉት መካከል ጣሊያኖች ነበሩበት፤ ፋሺዝምን ሸሽተው የተሰደዱ፣ በጋሪባልዲ ስም በተጠራ ባታሊዮን የተሰለፉ። በድምፅ ማጉያ የአገራቸውን ልጆች «ወደ እኛ ኑ» እያሉ ይጣሩ ነበር።

ከእነዚያ የጋሪባልዲ ሰዎች አንዱ ኢሊዮ ባሮንቲኒ ነው። ስፔን ለፍራንኮ በምትወድቅበት ዓመት፣ በ1931፣ ይህ ሰው ጎጃም ገብቶ ከአርበኞቻችን ጋር ተሰለፈ። አንቶን ኡክማርና ብሩኖ ሮላ የተባሉ ሁለት ጓደኞቹም ተከተሉት፤ ሦስቱን «ሐዋርያት» ይሏቸው ነበር። ጣሊያናዊ ሆኖ የጣሊያንን ጦር ለመውጋት ከስፔን ምሽግ እስከ ጎጃም ገደል! ይህን የሚያህል ታሪክ በትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም፤ እጅግ ነው የቆጨኝ።

ከ50 በላይ ከሆኑ አገሮች 35,000 ያህል ሰው ነው ለስፔን ሪፐብሊክ ሊዋጋ የሄደው። ከአሜሪካ የሄዱት 2,800 ያህል ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል 90 የሚያህሉት ጥቁሮች ናቸው። ብዙዎቹ መጀመሪያ መዝመት የፈለጉት ወደ እኛ ነበር፣ የአገራቸው ሕግ ግን ከለከላቸው። ከእነዚህ ጥቁሮች አንዱ ኦሊቨር ሎው ነሐሴ 1927 ላይ ቺካጎ ውስጥ የጣሊያንን ወረራ በመቃወም ለሕዝብ ሲናገር ታሰረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስፔን ውስጥ የአሜሪካውያኑ የሊንከን ባታሊዮን አዛዥ ሆኖ፣ ነጮችን እየመራ፣ ሐምሌ 1929 ማድሪድ አጠገብ ብሩኔቴ ላይ ወደቀ። ይህን ያነበብኩት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ተነሥቼ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ነው የተቀመጥኩት።

ነርስ ነኝና ከሁሉ የቀረበችኝ ሳላሪያ ኪ ናት። ኒውዮርክ ሐርለም ውስጥ ነርስ ነበረች፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሆና ለኢትዮጵያ የሕክምና ዕቃ አሰባሰበች፣ 75 አልጋ ላለው የመስክ ሆስፒታል ደከመች። በ1929 ወደ ስፔን ሄዳ በፊት የንጉሣውያን ርስት በነበረው በቪያ ፓስ ሆስፒታል ቁስለኛ አስታመመች። አንድ ጊዜ በብርድ የሚንቀጠቀጡ ቁስለኞች መጡ፣ የሞቀ ውኃ ግን አልነበረም። ሳላሪያ ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠች፤ ድስት ላይ የነበረውን ትኩስ ሾርባ ውኃ በሚሞላበት የጎማ ከረጢት ቀድታ በሰውነታቸው ዙሪያ አደረገች። መብራት በጠፋበት ሌሊት የሕፃን መዳፍ በመዳፌ ስንት ጊዜ አሙቄአለሁ! ሾርባው ግን እስከ ዛሬ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ስለ ሐኪሞቹ የተጻፈው ምዕራፍም ጥሩ ነው። ካናዳዊው ኖርማን ቤቲዩን ደም በጠርሙስ ጭኖ እስከ ጦር ግንባር ሲያደርስ፣ ቁስለኛው ወደ ደሙ ከሚመጣ ደሙ ወደ ቁስለኛው ይሂድ ማለቱ ነበር። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ማርሴል ጁኖም የእኛን ጦርነት በቀይ መስቀል ልዑክነት አይቶ በዚያው በ1928፣ በነሐሴ፣ ስፔን ገባ።

ስለ ደራሲዎቹ ሲጽፍ መጽሐፉ ይንዛዛል። ማን የት ሆቴል እንዳረፈ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ ለእኔ ምንም አይጠቅመኝም፤ የሄሚንግዌይን ክፍል ዘልዬዋለሁ። ጆርጅ ኦርዌልን ግን አልዘለልኩም፤ እርሱ ለመጻፍ ሄዶ ጠመንጃ ያነሣ ሰው ነው። ግንቦት 1929 ላይ ጉሮሮውን በጥይት ተመታ፤ ዋናውን የደም ሥር ለጥቂት ስቶ በማለፉ ተረፈ፣ ድምፁ ግን ለብዙ ጊዜ ተዘጋ። ሆስፒታል ሰንብቶ ሲወጣ የተሰለፈበት ፓርቲ በራሱ በሪፐብሊኩ ወገን ታግዶ ስለ ነበር ሸሽቶ ድንበር ተሻገረ። ሪፐብሊካውያኑ ባርሴሎና ውስጥ እርስ በርስ መታኰሳቸውን መጽሐፉ ስላልሸሸገ አክብሬዋለሁ።

ከጋዜጠኞቹ ልቤን የነካው ጆርጅ ስቲር ነው። ለለንደኑ ታይምስ የእኛን ጦርነት ከዚሁ ሆኖ ዘገበ። በዓመቱ የጀርመን አውሮፕላኖች ጌርኒካ የምትባለውን የባስክ ከተማ አቃጠሉ፤ ሌሎች «ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው ያቃጠሏት» ሲሉ፣ ሌሊቱን ፍርስራሹ መካከል ገብቶ የጀርመን ምልክት ያለበትን የቦምብ ቀፎ ያየው እርሱ ነው። በእኛ ሰማይ ላይ የተደረገውን አይቶ ነበርና ማንም ሊያታልለው አልቻለም። በ1933 ነጻነታችን ሲመለስም ከእንግሊዝ ጦር ጋር እዚህ ነበር።

እዚህ ላይ የአያን አንድ ስሕተት አገኘሁ። ጌርኒካ የነደደችው በፈረንጆች ሚያዝያ 26 ቀን 1937 ነው፤ አያ በጎኑ «1930» ብለው ጽፈዋል። ከመስከረም በፊት ስለሆነ ስምንት እንጂ ሰባት አይቀነስም፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ነው የሚሆነው። መጽሐፉን ስመልስ በትሕትና ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ላጲስ አውጥተው አጠፉትና እርሳሱን ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺው ጻፊው» አሉኝ። አሁን እዚያ ገጽ ላይ የእኔ ጽሕፈት አለ።

የሚጎድለውንም ልናገር። ስለ ማድሪድ መከበብ በሚያወራው ቦታ ስምንት ቅጠል ያህል ተገንጥሏል፤ የኪራይ መጽሐፍ ከሆነ ይህ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል፣ አያ አልነገሩኝም። የታችኛው መደርደሪያ እርጥበት ስለሚመታው ወረቀቱ ይሸታል። የመጻሕፍቱ ዝርዝር በአያ ራስ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ እርሳቸው ከሌሉ ልጃቸው ምንም ማግኘት አይችልም። ለዚህ መጽሐፍ የሚጠየቀው 400 ብር መያዣም ለተማሪ ይከብዳል፤ ይህን ብነግራቸው «ተማሪ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ» አሉ። ትልቁ ሐዘኔ ግን የሱቁ ጥፋት አይደለም፤ አብረውኝ ተረኛ የሚሆኑት ልጆች የሳላሪያን ታሪክ በአማርኛ ማንበብ አለመቻላቸው ነው። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት እየተረጎምኩ ነው የማወራላቸው፤ ሾርባውን ሦስት ጊዜ አስደግመውኛል።

ሱቁ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ለጁምዓ ስለሚዘጋ በዚያ ሰዓት አትልፉ። የስፔኑ መጽሐፍ ከሰኞ ጀምሮ ተመልሷል፤ ከበሩ በስተግራ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በነጭ ክር የተሰፋው ነው።