እርድ ለስኳርና ለደም ግፊት፦ ሥሩ፣ ዱቄቱና ካፕሱሉ ሲመዘኑ

ወገብ ሲሰፋ፣ የደም ግፊትና ስኳር ከፍ ሲሉ፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ሲጨምር፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ሲያንስ፣ ከእነዚህ ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ከተገኙ ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም ይሉታል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ነው እየተባለ የሚሸጠው እርድ ነው፤ ቢጫነቱን የሚሰጠው ቀለም ኩርኩሚን ይባላል።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። ጥሩ የእርድ ዱቄት በክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ኩርኩሚን አለው። 3 ግራም የሚመዝን አንድ የሻይ ማንኪያ 90 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል ማለት ነው። በ2012 የታተመ የታይላንድ ጥናት ስኳራቸው ወደ በሽታ ደረጃ የተጠጋ 240 ሰዎችን ለ9 ወር ተከታትሏል። በቀን 1.5 ግራም ኩርኩሚን ከወሰዱት አንድም ሰው በስኳር በሽታ አልተያዘም፤ ማስመሰያ ካፕሱል ከወሰዱት ግን 16.4 በመቶው ተይዘዋል። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል። ያንን መጠን ከዱቄት ለማግኘት ግን በቀን 50 ግራም፣ ወደ 17 የሻይ ማንኪያ፣ መብላት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአልጫው እርድ ጠቃሚ ምግብ እንጂ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ምትክ አይደለም።

ከሦስቱ የምንመርጠው ደረቁን ሥር ነው። ቆዳው ደብዘዝ ያለ፣ ሻካራና አቧራማ የሆነውን፣ ሲሰበር ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ ጠቆር ያለ ብርቱካንማ የሚታየውን ግዙ። ከላይ የሚያብረቀርቅ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ተዉት። በባንግላዴሽ ሥሩን ለማሳመር ሊድ ክሮሜት የተባለ፣ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ሲቀባ በጥናት ተገኝቷል፤ እርሳስ ደግሞ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ የአዋቂንም የደም ግፊት ይጨምራል። ሥሩን በብሩሽ አጥቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ በሙቀጫ ሰባብራችሁ አስፈጩት። እርጥበት ከቀረበት ይሻግታል። ኩርኩሚን በብርሃን ስለሚበላሽ ዱቄቱን በቆርቆሮ ወይም በጨለማ ቦታ አስቀምጡ፤ ለወር የሚበቃ ብቻ ማስፈጨት ይበጃል።

የተፈጨውን ከገበያ ለሚገዛ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ነስንሱና ሳታማስሉ ተዉት። ኩርኩሚን በውኃ ስለማይሟሟ ንጹሕ እርድ ውኃውን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ብቻ ያደርገዋል። ወዲያው ደማቅ ቢጫ ከሆነ ሌላ ቀለም ተጨምሮበት ይሆናል። ሌላ ዱቄት ተቀላቅሎበት እንደሆነ ለማየት ብዙዎች በአዮዲን ስታርች ይፈልጋሉ፤ እርድ ራሱ ስታርች ስላለው ሁልጊዜም ይጠቁራል፣ ምንም አይነግራችሁም። በቤኪንግ ሶዳ መቅላቱም ኩርኩሚን እንዳለበት እንጂ ባዕድ ነገር እንደሌለበት አያሳይም። እርሳስን የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው፤ ዱቄቱን ሁለተኛ ያደረግነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው በባዶ ሙቅ ውኃ መጠጣቱን ነው፤ ቀለሙ የሚሟሟው በቅባት ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ከሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር ወጡ ላይ ጨምሩ፤ ረጅም መፍላት ስለሚቀንሰው ወጡ ሊወርድ ሲል ማድረጉ ይሻላል። ቁንዶ በርበሬም ጨምሩበት። በ1998 በታተመ የሕንድ ጥናት፣ 20 ሚሊግራም ፒፐሪን፣ ማለትም ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ሰውነት የሚቀበለውን ኩርኩሚን በ20 እጥፍ ከፍ አድርጎታል። ቁንዶ በርበሬ 5 በመቶ ያህል ፒፐሪን ስላለው፣ 0.4 ግራም፣ ማለትም አንድ ሁለት ቁንጥር፣ ይበቃል።

ካፕሱሉን በጥንቃቄ እንጂ በጉጉት አንመክርም። ጽሑፉን አንብቡ፦ «የእርድ ዱቄት 500 ሚሊግራም» የሚለው በውስጡ 15 ሚሊግራም ኩርኩሚን ብቻ አለው፤ «ኩርኩሚን 95 በመቶ» የሚለው ደግሞ 475 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ ኮሚቴ የተስማማበት የዕለት መጠን በኪሎ ክብደት እስከ 3 ሚሊግራም ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 180። አንዷ ካፕሱል ያንን ከእጥፍ በላይ ታልፋለች። ፒፐሪን የተጨመረባቸው ካፕሱሎች ጉበት የጎዱባቸው አጋጣሚዎች አሉ፤ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ ወዲያው አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የደም መርጋትን የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስዱ፣ የሐሞት ጠጠር ያለባቸው፣ እርጉዞች፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚጠቀሙ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ካፕሱሉን አይጀምሩ።