ማስጠንቀቂያ፦ «ብሩን አስገቡ፣ ከላክን በኋላ አንጠየቅም» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ

ጎጃም ውስጥ ሆናችሁ ከአዲስ አበባ በቴሌግራምና በቲክቶክ ስልክ፣ ላፕቶፕ ወይም ካሜራ ለምታዙ ሁሉ። ብዙ ሻጮች የሚያቀርቡት ውል ገዢን የሚጎዳ ነው። ሙሉ ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ቀድሞ ይገባል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ወይም በፖስታ ይላካል፣ ከታች ደግሞ «ከላክን በኋላ ለሚደርሰው ኃላፊነት አንወስድም» የምትል መስመር አለች። በዚህች መስመር ምክንያት ዕቃው ደጀን ላይ ቢወርድም፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሌላ ሰው ቢወስደውም፣ ከነጭራሹ ሳይላክ ቢቀርም የሚከስረው ገዢው ብቻ ይሆናል። ሻጩ ገንዘቡን ስለያዘ ዕቃውን ለመፈለግ የሚያጣድፈው ነገር የለም።

የሻጩን ጭንቀትም መረዳት ተገቢ ነው። በ30,000 ብር ስልክ ላይ 2,000 ብር የሚያተርፍ ሰው አንድ ስልክ ቢጠፋበትና ቢከፍል የ14 ስልክ ትርፍ ይሄድበታል። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ግን መፍትሔው ስጋቱን በዋጋው ውስጥ አስልቶ መናገር ወይም ዕቃውን ዋጋውን አስመዝግቦ መላክ ነው እንጂ ሁሉንም ቡሬ ወይም ሞጣ ተቀምጦ በሚጠብቅ ሰው ላይ መጣል አይደለም። ጥቂት መቶ ብር ጨምሮ «እጃችሁ እስኪገባ በእኔ ነው» ከሚል ሻጭ መግዛት ይሻላል።

ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን ጽፋችሁ «ተስማምቻለሁ» አሰኙት፦ «ዕቃው እጄ ገብቶ የመሣሪያውን ሴሪያል ወይም አይኤምኢአይ (የስልክ መለያ) ቁጥር እስካረጋግጥ ድረስ ለመጥፋትም ለመለወጥም ኃላፊው ሻጩ ነው። ከጠፋ በ7 ቀን ውስጥ ሙሉ ገንዘቡን ይመልሳል።» በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ዋጋ አለው። ቴሌግራም ላይ ግን ሻጩ መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ሊያጠፋው ይችላል። ያንኑ በኤስኤምኤስ አስደግሙት፣ ስክሪንሾቱንም ወዲያው አስቀምጡ። ሙሉ ስሙን፣ የሱቁን አድራሻና የንግድ ፈቃዱን ጠይቁ። አድራሻ የሌለው ሰው ቢከሰስም መጥሪያ የሚደርስበት ቦታ የለም።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። ለረዳት የተሰጠ ካርቶን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ርክክብ ላይ ነው። ባሕር ዳር የሚገባ መኪና ለፍኖተ ሰላም የተላከውን ዕቃ ረስቶ ይዞት ያልፋል፤ ረዳቱ በማግሥቱ ይቀየራል፣ ዕቃው መናኸሪያ ውስጥ ካለች አንዲት ሱቅ ይቀመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ማን እንደተረከበ የሚያውቅ የለም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል። ጭነቱ ከመኪና መኪና ይዛወራል፣ እናንተ ስልክ ቁጥሩን የያዛችሁት ረዳትም «ለሌላ መኪና ሰጥቻለሁ» ይላችኋል። ስለዚህ «በአውቶቡስ ልኬዋለሁ» የሚል ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። ከሻጩ የመኪናውን ታርጋ፣ የመነሻ ቀንና ሰዓት፣ የረዳቱን ስምና ስልክ፣ እንዲሁም ካርቶኑ ረዳቱ እጅ ላይ እያለ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። የጭነት ደረሰኝ የሚቆርጥ ድርጅት ካለ በዚያ ይላክ፤ ደረሰኙ ላይም «ስልክ» ወይም «ላፕቶፕ» ተብሎ ዋጋው ይጻፍ። «አንድ ካርቶን» ብቻ ከተጻፈ ሲጠፋ የምትከራከሩት ስለ ባዶ ካርቶን ነው። ርክክቡ በስም ብቻ አይሁን፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቦ «እኔ ነኝ» ማለት ለማንም ቀላል ነው። ባለአራት አኃዝ ቁጥር ተስማሙና ረዳቱ ያንን ቁጥር ለሚነግረው ሰው ብቻ ይስጥ። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ አይጻፍ።

አስተሻሸጉ ላይ ብዙ ሻጭ ይሰንፋል። የስልኩ ሳጥን ምልክት በሌለው ሁለተኛ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ በመሐል ያለው ክፍተት በጋዜጣ ወይም በስፖንጅ ይሞላል፣ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በፕላስተር ይታሸጋሉ። ከዚያ ሻጩ በማይለቅ እስክሪብቶ ግማሹ ፕላስተሩ ላይ፣ ግማሹ ካርቶኑ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ በየመጋጠሚያው ይፈርምና ፎቶውን ይልካል። ፕላስተሩ ተነሥቶ ቢመለስ ፊርማው አይገጥምም። ክብደቱም በግራም ይመዘን። ሚዛን ከሚዛን በጥቂት ግራም ይለያያል፤ ያ አያስደነግጥም። ዕቃ የሚለውጥ ሰው ግን በሳሙና ወይም በድንጋይ ክብደቱን ሊያስተካክል ስለሚችል ሚዛኑን ብቻ አትመኑ። ስልክ ከሆነ *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ15 አኃዝ አይኤምኢአይ ቁጥር ከመታሸጉ በፊት በቪዲዮ ይቀረጽ። ላፕቶፕ ከሆነ ከሥሩ ያለው ሴሪያል ቁጥር ይበቃል።

ስትረከቡ ከመፈረማችሁ በፊት ስድስቱንም ገጽ በቪዲዮ ቅረጹ፣ ፊርማዎቹን ከፎቶው ጋር አስተያዩ፣ ሳታቋርጡ እዚያው ክፈቱና ቁጥሩን አረጋግጡ። ቤት ወስዶ የከፈተ ሰው «ራስህ ለውጠኸው ነው» ቢባል ማስረጃ የለውም።

በፖስታ ከተላከ ሻጩ የመለያ ቁጥር ሊሰጣችሁ ይገባል። በዓለም ፖስታ ኅብረት መደበኛ አሠራር ቁጥሩ 13 ምልክት አለው፤ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ ከዚያ የአገር ምልክት የሆኑ ሁለት ፊደላት። የኢትዮጵያው ምልክት ኢ-ቲ (ET) ነው። ዘጠነኛው አኃዝ ከስምንቱ የሚሰላ ማረጋገጫ ስለሆነ የተፈጠረ ቁጥር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይያዛል። ስምንቱን አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9፣ 7 አባዙና ደምሩ፣ ድምሩን ለ11 አካፍሉ፣ ቀሪውን ከ11 ቀንሱ። ለምሳሌ 12345678 ከሆነ ድምሩ 204 ነው፣ ቀሪው 6፣ ከ11 ሲቀነስ 5። ዘጠነኛው አኃዝ 5 ካልሆነ ቁጥሩ ሐሰት ነው ወይም ሲጻፍ ተሳስቷል። ውጤቱ 10 ከመጣ 0፣ 11 ከመጣ 5 ይጻፋል። ሒሳቡ ገጠመ ማለት ግን ዕቃው ተልኳል ማለት አይደለም፤ የሌላ ሰው ቁጥርም ይገጥማል። የደረሰኙን ፎቶ ከቀኑና ከተቀባዩ ስም ጋር ጠይቁ።

ከውጭ አገር ለምታስመጡ አንድ ነገር በደንብ ያዙ። በፖስታ ለጠፋ ዕቃ ካሳ የሚከፈለው በመሠረቱ ለላኪው ነው፤ ላኪው መብቱን ለተቀባዩ በጽሑፍ ካላስተላለፈ በስተቀር። ስለዚህ «ፖስታ ቤት ሄደህ ጠይቅ» የሚል ሻጭ ካሳውን መጠየቅ የሚችለው እሱ ሆኖ ሳለ እናንተን እያመላለሰ ነው። አቤቱታ የሚቀርበው ዕቃው ከተላከበት ማግሥት ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ለኢኤምኤስ (ለፈጣን ፖስታ) ጊዜው ከዚህ ያጥራል። «ትንሽ ጠብቁ፣ ይመጣል» እያለ ወራት የሚያስቆጥር ሻጭ ይህን ጊዜ እያቃጠለባችሁ ነው። ዋጋው ሳይገለጽ የተላከ ዕቃ ካሳው ከስልክ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ አይደለም። ወርቅ፣ የከበረ ድንጋይና የባንክ ኖት ደግሞ ዋጋው ባልተገለጸ ዕቃ ውስጥ መላክ ክልክል ነው። ፓወር ባንክ ለብቻው በውጭ አገር ፖስታ አይላክም፤ ከተገኘ ይያዛል።

ክፍያን በተመለከተ ከሁሉ የሚሻለው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሱቁ ሄዶ አይቶ እንዲከፍልና ራሱ እንዲልከው ማድረግ ነው። እሱ ካልሆነ ለማሸጊያና ለመላኪያ የሚበቃ ቀብድ ብቻ ስጡ፣ ቀሪው ዕቃው ሲታይ ይከፈል። ከጎጃም ማር፣ ቅቤ ወይም የሀገር ልብስ ለምትልኩ ሻጮችም፦ የክፍያ ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀናበራል። ገንዘቡ መግባቱን ራሳችሁ አካውንታችሁ ላይ ሳታዩ ካርቶን አትልቀቁ። ዳታ በጠፋ ቀን ቴሌብርን በ*127#፣ ንግድ ባንክን በ*889# ማየት ይቻላል።

ዕቃው በተባለው ቀን ካልደረሰ በዚያው ዕለት ሥሩ። ረዳቱንና የመድረሻውን መናኸሪያ ጠይቁ፣ መኪናው የሚያልፍ ከሆነ የቀጣዩንም ከተማ ጨምሩ። ለሻጩ በኤስኤምኤስ አሳውቁ፤ የደረሰኙን ዋና ቅጂ፣ በፖስታ ከሆነ ደግሞ የካሳ መብቱን ያስተላለፈበትን ወረቀት የሚሰጥበትን ቀን ይጻፍላችሁ። በስልክ ብቻ አትጨቃጨቁ። ካልመለሰ የክፍያውን ማረጋገጫ፣ የስምምነቱን መልእክትና የአይኤምኢአዩን ቪዲዮ አትማችሁና ገልብጣችሁ ሻጩ ባለበት ከተማ ላለው የንግድ ጽሕፈት ቤት በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታ አቅርቡ። ሻጩ ዕቃውን ጭራሽ እንዳልላከ የሚያሳይ ነገር ካለ ጉዳዩ ማታለል ስለሆነ ለፖሊስ አመልክቱ፣ ገንዘቡ የገባበትን የአካውንት ቁጥርና የግብይት ቁጥሩንም አብራችሁ ስጡ።