ለተደበቀ ማዕድን አሰሳ፦ በእጅ የሚያዝ ኤክስአርኤፍ፣ የላብ ትንተና ወይስ ደካማ ሊች? ገንዘባችሁን የቱ ላይ ታውሉታላችሁ

ላዩ ላይ ምንም ምልክት የሌለው ክምችት የሚፈልጉ ሰዎች ቀድመው የሚጠይቁት "የቱን ማሽን ልግዛ" ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው አፈሩ እዛው ካለው አለት የበሰበሰ ነው ወይስ ጎርፍና ንፋስ ያመጣው ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ የፈለገ ውድ መሳሪያ ብትይዙ የምትለኩት የሌላ ሰፈር አፈር ነው።

አፈሩ እዛው የበሰበሰ ከሆነ በእጅ የሚያዘው፣ ኤክስሬይ ተኩሶ ኤለመንቶችን የሚለካው ኤክስአርኤፍ (ቫንታ፣ ኒቶን፣ ታይታን ምናምን) በጣም ያዋጣል። መዳብ፣ ዚንክ፣ እርሳስ፣ አርሴኒክ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይነግራችኋል፣ ስለዚህ ላብ ሳትጠብቁ እዛው ሜዳ ላይ ሆናችሁ የናሙና ነጥቦቹን ግሪድ ማጥበብ ትችላላችሁ። ለወርቅ ግን እርሱት! አፈር ውስጥ የወርቅ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በፒፒቢ (ከቢሊዮን አንድ) ደረጃ ነው፣ ይሄ መሳሪያ ደግሞ እዛ ድረስ አይወርድም። ስክሪኑ ላይ ወርቅ ብሎ ጥቂት ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ) ካሳያችሁ ከመጨፈራችሁ በፊት ዚንኩን፣ ተንግስተኑንና አርሴኒኩን እዩ፣ የነሱ ጨረር ከወርቁ ጋር ስለሚቀራረብ ያሳስታል። እርሳስና አርሴኒክም እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ እርሳስ በበዛበት ቦታ የአርሴኒክ ቁጥር አይታመንም። እርጥብ አፈር ደግሞ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፣ አድርቃችሁ ወንፍታችሁ ለኩ። ሊትየም ፈላጊ ከሆናችሁ ኤክስአርኤፍ ጭራሽ አያየውም፣ በሌዘር የሚሰራው ሊብስ ያየዋል፣ ግን የሚመታው ነጥብ በጣም ትንሽ ስለሆነ አንድ ናሙና ላይ ብዙ ጊዜ መተኮስ ግድ ነው።

ላብ ስትሄዱ የመጀመሪያው ምርጫ ናሙናው በምን ይሟሟ፣ አኳ ሬጂያ (የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ) ወይስ ጠንከር ያለው አራት አሲድ የሚለው ነው። አኳ ሬጂያ ረከስ ይላል፣ ሰልፋይድና ካርቦኔት በደንብ ያሟሟል፣ ሲሊኬት ግን በከፊል ብቻ ነው። የአለቱን አይነትና ለውጡን ከአሉሚኒየም፣ ፖታሲየምና ታይታኒየም ልታነቡ ካሰባችሁ አራት አሲድ ይሻላል፣ ችግሩ ሜርኩሪ፣ አርሴኒክና አንቲሞኒ በሙቀቱ ሊተኑ ይችላሉ፣ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከክምችቱ በላይ የሚዘረጋው ሃሎ (በክምችቱ ዙሪያ የተበተነው የኤለመንቶች ምልክት) የላይኛው ክፍል ላይ የሚገኙት ናቸው፣ ስለዚህ ጥልቅ ክምችት ለሚፈልግ ሰው ቀላል ኪሳራ አይደለም። ዚርኮን፣ ክሮማይትና የቆርቆሮ ማዕድን የሆነው ካሲቴራይት አራቱም አሲድ ሙሉ በሙሉ አያሟሟቸውም፣ ለነሱ ናሙናውን በሙቀት አቅልጦ የሚያሟሟውን ፊውዥን እዘዙ። ለወርቅ 30 ወይም 50 ግራም ናሙና አቅልጦ ወርቁን የሚለየው ፋየር አሴይ የተለመደ ነው፣ ወርቁ ሻካራ ከሆነ ግን ያንኑ ናሙና ስትደግሙት ሌላ ቁጥር ይመጣል፣ ያኔ ከአንድ ኪሎ በላይ አፈር በሳይናይድ የሚያጥበው ብሌግ የተሻለ ነው።

ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር ሲሆን ነው ደካማ ሊች የሚባሉት እነ ኤምኤምአይ፣ አዮኒክ ሊችና ኢንዛይም ሊች ወደ ጨዋታው የሚገቡት። ሃሳቡ፣ ከታች ቀስ እያሉ የሚወጡ አዮኖች የአፈሩ ቅንጣት ላይ በስሱ ይለጠፋሉ፣ ደካማው ፈሳሽ እነሱን ብቻ ያነሳል፣ ሌላውን አይነካም። እንዴት ወደ ላይ እንደሚወጡ ግን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይከራከራሉ፣ ጋዝ የሚል አለ፣ ኤሌክትሮኬሚካል የሚል አለ፣ የእፅዋት ሥር የሚል አለ። ቁጥሮቹን ከአኳ ሬጂያ ውጤት ጋር አታወዳድሩ፣ የሚነበበው ከአካባቢው መደበኛ መጠን ስንት እጥፍ ነው የሚለው ነው። ናሙና አወሳሰዱ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም፣ ለኤምኤምአይ ከቅጠላ ቅጠሉ በታች ከ10 እስከ 25 ሴንቲሜትር፣ ሁሉም ቦታ አንድ አይነት፣ ናሙናውን እንዳይበክል ቀለበትም ይውለቅ። ከመግዛታችሁ በፊት ያለበት ቦታ በሚታወቅ ክምችት ላይ አንድ መስመር ሞክሩት፣ እዛ ላይ ምልክት ካልሰጠ ሌላ ቦታ ላይም አትመኑት። ሽፋኑ በመቶዎች ሜትር ከሆነ እኔ በበኩሌ ከአፈር ይልቅ ሽፋኑና አለቱ የሚገናኙበት ድረስ ቆፍሮ ናሙና ማውጣት ላይ ነው ገንዘቤን የማውለው።

የቱንም ብትመርጡ የላቡን ስራ መፈተሻ ብላንክ (ማዕድን የሌለበት ናሙና)፣ ስታንዳርድ (ቁጥሩ የታወቀ ናሙና) እና ዱፕሊኬት (ድጋሚ ናሙና) አስገቡ፣ እሱን ለመቆጠብ የሚሞክር ሰው ይገርመኛል።

ሶፍትዌርን በተመለከተ፣ በእጃችሁ ያለው የአፈር ዳታ ብቻ ከሆነ የከርሰ ምድር ሞዴል የሚሰራውን ሊፕፍሮግ አትግዙ። ሊፕፍሮግ ጎበዝ የሚሆነው የቁፋሮ ዳታ ሲኖር ነው፣ በሦስት ጉድጓድም ቢሆን ያማረ ቅርፅ ይስልላችኋል፣ አደጋውም እሱ ነው። ለአፈር ነፃው ኪውጂአይኤስ ለካርታው ይበቃል፣ ብዙ ኤለመንት አንድ ላይ ለማየት ደግሞ አዮጋስ ምቹ ነው፣ ፓይተን የሚችል ሰው ካላችሁ ጄምፓይ በነፃ ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ይሰራል። ብቻ በየትኛውም ቢሆን ጥሬ ፒፒኤም ላይ ኮሪሌሽን አትስሩ፣ ድምሩ 100 ፐርሰንት ስለሆነ አንዱ ሲጨምር ሌላው የግድ ይቀንሳል፣ የሌለ ዝምድና ይፈጥራል፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ጆን አይቺሰን ገና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው፣ በኤለመንቶቹ ጥምርታ ሎጋሪዝም የሚሰራው የሎግ ሬሾ ዘዴ ለዚህ ነው፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ እሱን የሚሰራ መሆኑን ሳታዩ አትክፈሉ።